ቫይረስ በሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዴት ይዛመታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ በኢንፌክሽን መከላከል ሥራ ላይ ነኝ፤ አስታማሚዎች፣ ተማሪዎችና ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

ቫይረስ ዕቃ ላይ ተቀምጦ ሰው ሊይዝ ይችላል?

ይችላል። ግን ቫይረስ ዕቃ ላይ አይራባም፤ በራሱም አይንቀሳቀስም። ለመራባት ሕያው ሴል ያስፈልገዋል። ዕቃ ላይ ካረፈ ጀምሮ ቁጥሩ እየቀነሰ፣ እየተዳከመ ነው የሚሄደው። ጨርሶ ሳይሞት አንድ እጅ ካነሳው ግን ጉዞው ቀጠለ ማለት ነው። እጁ ዓይን፣ አፍንጫ ወይም አፍ ጋር ሲደርስ ገባ።

እጃችን ደግሞ ፊታችን ላይ ምን ያህል እንደሚመላለስ አይታወቀንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት የሕክምና ተማሪዎችን በቪዲዮ ቀርጾ ቆጥሯል። አንድ ተማሪ በአማካይ በሰዓት 23 ጊዜ ፊቱን ይነካ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ዓይን፣ አፍንጫ ወይም አፍ ላይ ያረፈ ነው። እነዚህ ስለ ኢንፌክሽን የተማሩ ልጆች ናቸው። ልጁን ታቅፎ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ አስታማሚ እንዴት እንደሚሆን ገምቱት።

ሁሉም ቫይረስ ግን እኩል አይደለም። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጡት ሮታና ኖሮ የተባሉት ቫይረሶች፣ ሕፃናትን በሳልና በትንፋሽ የሚያስጨንቀው አርኤስቪ፣ በእጅና በዕቃ በደንብ ይጓዛሉ። ኩፍኝ በዋናነት በአየር ነው የሚመጣው። አልጋው ስለተወለወለ ብቻ አይቆምም።

ዕቃ ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል?

እንደ ቫይረሱም እንደ ዕቃውም ነው። ለስላሳና ውሃ የማይመጥ ነገር፣ ማለትም ፕላስቲክና ብረት፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል። ጨርቅና ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልቅለታል። ኢንፍሉዌንዛ ብረትና ፕላስቲክ ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ ጨርቅና ወረቀት ላይ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ተገኝቷል። አርኤስቪ ጠረጴዛ ላይ እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይቆያል። የኮቪድ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ የላቦራቶሪ ሙከራ ፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ አይዝጌ ብረት ላይ እስከ 48 ሰዓት ተገኝቷል፤ ካርቶን ላይ 24 ሰዓት፣ መዳብ ላይ 4 ሰዓት አልፎ አልታየም። ኖሮ ቀናትን አልፎ ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ከመጠን በላይ እንዳያስፈሯችሁ። «እስከ 72 ሰዓት» ማለት በመጨረሻው ሰዓት ላይ የተገኘው ከመጀመሪያው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። ትልቁ አደጋ ዕቃው ከተበከለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ ነው። በሥራ በተጨናነቀ ዋርድ ውስጥ በእነዚያ ሰዓታት ስንት እጅ ያልፋል? ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ዋርድ ውስጥ በጣም የሚበከለው ምንድን ነው? ሽንት ቤቱ ነው አይደል?

ሁሉም ሽንት ቤት ነው ይላል። ሽንት ቤት መጽዳት አለበት፤ ግን ሁሉም ስለሚፈራው ሰው እዚያ ገብቶ ሲወጣ እጁን ያስባል። አደገኛው ማንም የማይፈራው ዕቃ ነው።

ጠዋት ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ራውንድ ሲጀመር አንድ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና እጆችን ብቻ ተመልከቱ። ሐኪሙ የአልጋውን የጎን ብረት ተደግፎ ይቆማል። ሲስተሯ የግሉኮስ መስቀያውን ገፋ አድርጋ ታልፋለች። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከአንዱ ልጅ ጣት ወጥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅም እንደዚያው። ቻርቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። እስክሪብቶ «አንዴ አውሰኝ» ተብሎ ይሄድና ከሦስት ሰው በኋላ ይመለሳል። የመጋረጃው ጠርዝ፣ የበሩ እጀታ፣ የመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስልክ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በመመሪያ ላይ ተጽፎ አላየሁትም፤ ዋርድ ውስጥ ግን አይቼዋለሁ። ከሶኬቶቹ ሁሉ የሚሠራው አንድ ብቻ የሆነበት ክፍል አለ። የአስታማሚው ሁሉ ስልክ እዚያ ጋር ወረፋ ይይዛል። አንዱ የሌላውን ስልክ ነቅሎ የራሱን ይሰካል፤ ቻርጀርም ይዋዋሳሉ። በየአልጋው የሚለያዩ ቤተሰቦች እጅ ለእጅ የሚገናኙት እዚያች ሶኬት ጋር ነው። የየራሳችሁን ዋርድ ዕቃ ዝርዝር ስታወጡ እንዲህ ያለውን አትለፉት።

ቫይረስ በዓይን አይታይም። ታዲያ መንገዱን እንዴት ትከታተላላችሁ?

አንደኛው ዘዴ ዕቃዎችን በጥጥ ስዋብ ጠርጎ፣ ናሙናውን በፒሲአር መመርመር ነው። ይህ የእውነተኛውን ቫይረስ ዘር፣ ማለትም ዘረመሉን፣ በቀጥታ ይፈልጋል። ወጪው ግን ከባድ ነው። መቼና ከየት እንደመጣም አይነግራችሁም፤ አሁን እዚህ እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው ዘዴ ምትክ ማስቀመጥ ነው። ሰውን የማይይዝ ነገር ታስቀምጣላችሁ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ታውቃላችሁ፣ ከዚያ የት የት እንደደረሰ ትፈልጋላችሁ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ኤምኤስ2 የተባለ ቫይረስ ይጠቀማሉ። ሌሎች የዕፅዋት ቫይረስ ዘር ቁራጭ ይጠቀማሉ። መነሻው ስለሚታወቅ መንገዱ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሦስተኛው ርካሹ ነው። በተለመደው ብርሃን የማይታይ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ግን የሚያበራ ቅባት ወይም ዱቄት መቀባት።

ምትክ ተቀምጦ የተደረገ ሙከራ አለ? ምን ተገኘ?

አለ። በጣም የምወደው የለንደኑ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንና የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆነ። አበባ ጎመንን የሚያጠቃ ቫይረስ አለ፤ ሰውን አይነካም። የዚያን ቫይረስ ዘር ቁራጭ በላቦራቶሪ ሠሩና አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨመሩት። መጠኑን በኮቪድ ሕመምተኞች ናሙና ውስጥ ከሚገኘው ጋር ተቀራራቢ አደረጉት። ከዚያ ለብቻ በተለየ ክፍል ውስጥ ባለ አንድ አልጋ የጎን ብረት ላይ አኖሩት። በቀጣዮቹ አምስት ቀናት በዋርዱ ውስጥ 44 ቦታዎችን እየጠረጉ መረመሩ።

በ10 ሰዓት ውስጥ ከቦታዎቹ 41 በመቶው ላይ ተገኘ። የበር እጀታ ላይ፣ የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበር መደገፊያ ላይ፣ የልጆች መጫወቻና መጽሐፍ ላይ። በሦስተኛው ቀን ወደ 59 በመቶ ወጣ፤ በአምስተኛው ቀን ተመልሶ 41 በመቶ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሕክምና ከሚሰጥባቸው ክፍሎች ከተጠረጉት ቦታዎች 86 በመቶው ላይ ነበር።

ልብ በሉ፤ የተቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ለብቻ በተለየ ክፍል። የሳለም ያስነጠሰም የለም። ወደ መጫወቻ ክፍሉ ያደረሰው የሰው እጅ ነው፤ የሠራተኛ፣ የወላጅ፣ የልጅ፣ የጠያቂ። «ሕመምተኛውን ለየነው፣ አለቀ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምነግረው ይህንን ሙከራ ነው።

አንድ የተበከለ እጅ ስንት ቦታ ሊበክል ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ በኖሮ ቫይረስ ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። የተበከሉ ጣቶች በተከታታይ እስከ ሰባት ንጹሕ ቦታዎች ድረስ ቫይረሱን ማስተላለፍ ችለዋል። ከአንድ አልጋ ተነስታችሁ ሰባት ነገር ለመንካት ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ብረቱ፣ መስቀያው፣ ቻርቱ፣ እስክሪብቶው፣ መጋረጃው፣ እጀታው፣ ስልኩ። ሞላ።

በዚያው ሙከራ የመወልወያ ጨርቅም ተፈትኗል። የቆሸሸውን ቦታ በሳሙና ውሃ ብቻ የጠረገ ጨርቅ ቫይረሱን ወደሚቀጥለው ቦታና ወደ ጠራጊው እጅ ይዞት ሄዷል። አንድ ጨርቅ ለስድስት አልጋ ማለት ይኸው ነው። አልጋዎቹ ያበራሉ፤ ቫይረሱም ለሁሉም ይዳረሳል።

ይሄ ሁሉ ለለንደን ነው። እኛ ሐዋሳ ሆነን ምን መሞከር እንችላለን?

ብዙ። ሱቆችና ባንኮች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ትንሽ መብራት ታውቁታላችሁ። እሱ አልትራቫዮሌት ነው። ጽሑፍ ለማቅለም የምንጠቀምበት ሃይላይተር ደግሞ በዚያ ብርሃን ያበራል። የሃይላይተሩን ቀለም ከእጅ ሎሽን ጋር ትደባልቃላችሁ፤ ጨረሳችሁ። ሕመምተኛ ባለበት አልጋ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ሠራሽ ቅልቅል አትቀቡ። ባዶ አልጋ ያለበት የሥልጠና ክፍል ይበቃል።

ከተማሪዎች ጋር ስንሠራው የአልጋውን የጎን ብረት አንድ ስንዝር ያህል እንቀባለን። ከዚያ የዘወትር ሥራቸውን እንዲሠሩ እንነግራቸዋለን፤ የደም ግፊት ለኩ፣ ግሉኮስ ቀይሩ፣ ቻርት ጻፉ፣ ስልክ ቢጠራ አንሱ። ሲጨርሱ መጋረጃ እንዘጋና መብራቱን እናበራለን። ብረቱ ላይ እንደሚያበራ ሁሉም ይጠብቃል። የሚያስደነግጣቸው የእስክሪብቶው ክዳን፣ የልብ ማዳመጫው ጫፍ፣ የጋውኑ ኪስ አፍ፣ ስልኩ ጆሮ ላይ የሚያርፍበት ገጽ፣ አንዳንዴም ጉንጭ ላይ ያለው የጣት አሻራ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ እጅ መታጠብ ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም።

ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ በዱቄት ሳሙና የታጠበ አንሶላና ነጭ ጋውን ራሱ በዚያ ብርሃን ያበራል፤ ሳሙናው ውስጥ ነጭ የሚያስመስል ንጥረ ነገር ስላለ። ነጭ ወረቀትም እንደዚያው። ስለዚህ ከመቀባታችሁ በፊት ክፍሉን አንዴ በመብራቱ እዩት። ሁለተኛ፣ መብራቱን ዓይን ላይ አታብሩ።

ጽዳትንም በዚሁ መንገድ መከታተል ይቻላል። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ደርቆ የማይታይ ምልክት አለ። ከጽዳት በፊት ብዙ የሚነኩ ዕቃዎች ላይ ይደረጋል፤ ከጽዳት በኋላ ጠፍቶ እንደሆነ ይታያል። በአሜሪካ 36 ሆስፒታሎች ውስጥ ሲሞከር፣ በመጀመሪያ የጸዱት ምልክት ከተደረገባቸው ዕቃዎች ግማሽ ገደማ ብቻ ነበሩ። ውጤቱን ለጽዳት ሠራተኞቹ እያሳዩ ካሠለጠኑ በኋላ ወደ 77 በመቶ ወጣ።

ስዋቡ በፒሲአር ፖዘቲቭ ከወጣ ያ ዕቃ በሽታ ያስይዛል ማለት ነው?

አይደለም። ፒሲአር የሚያገኘው የቫይረሱን ዘር ነው። የሞተ ቫይረስም ዘሩ ይቀራል። በረኪና የነካው፣ በሕይወት የሌለ ቫይረስ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ሕያው መሆኑን ለማወቅ ሴል ላይ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ልዩ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ፣ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው።

የለንደኑን ሙከራ ስታነቡም ይህን አትርሱ። የተከታተሉት የዘር ቁራጭ እንጂ ሕያው ቫይረስ አይደለም። እውነተኛ ቫይረስ መንገድ ላይ እየሞተ ይሄዳል። ስለዚህ ሙከራው የሚያሳየን መንገዱን ነው፤ ስንት ሰው እንደሚታመም አይነግረንም። መንገዱን ማወቅ ግን ለሥራ በቂ ነው። የት ላይ እንደምንቆርጠው ያሳየናል።

ኤቲፒ የሚባለውን መለኪያ የሚጠይቁኝም አሉ። ጠርጋችሁ ወዲያው ቁጥር የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። የሚለካው ከሕያዋን ሴሎችና ከምግብ ቅሪት የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ቫይረስ ኤቲፒ የለውም። ጽዳቱ ጥሩ መሆኑን ለመገመት ይረዳል፤ «ቫይረስ የለም» ለማለት ግን አይሆንም።

ጓንት ካደረግኩ እጄን መታጠብ ለምን ያስፈልገኛል?

ጓንቱ የሚጠብቀው የእናንተን ቆዳ ነው። ዕቃውንና የሚቀጥለውን ሕመምተኛ አይጠብቅም። በጓንት የነካችሁት ብረት፣ በዚያው ጓንት የከፈታችሁት በር፣ በዚያው ጓንት የጻፋችሁት ቻርት፣ ልክ በባዶ እጅ እንደነካችሁት ነው። እንዲያውም ይብሳል። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይታወቃችኋል፤ ጓንት ያደረገ ሰው ግን ይዘናጋል።

ሲወልቅም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ሠራተኞች የሚያበራ ሎሽን የተቀባ ጓንትና ጋውን እንዲያወልቁ ተደረገ። ከ435 ሙከራዎች በ46 በመቶው ሎሽኑ ቆዳቸው ወይም ልብሳቸው ላይ ተገኘ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አዲስ ጓንት፤ ሲወልቅም እጅ መታጠብ።

በረኪና በስንት ውሃ ይበጠበጣል?

ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ እዩ። 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሰጣችኋል። 4 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በሰባት እጅ ውሃ። 0.5 በመቶው ደም፣ ትውከት፣ ተቅማጥ ለፈሰሰበት ነው። ለዘወትር ጽዳት 0.1 በመቶ ይበቃል፤ ይህም ከ5 በመቶው አንድ እጅ በ49 እጅ ውሃ ማለት ነው። የምትለኩበት ጣሳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። «በግምት ጠብ አድርጌበታለሁ» የሚለው አያዋጣም። ቀጭን ከሆነ አይገድልም፤ ወፍራም ከሆነ ሳንባና ብረት ይጎዳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻው በጨርቅ ይነሳል፣ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ በረኪናው። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። በረኪናው ካረፈ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ብረት ከሆነ ኋላ በውሃ ይጠረግ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ክፍል ውስጥ መርጨትንም የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም።

ጨርቁ ለእያንዳንዱ አልጋ የተለየ ይሁን። ጽዳቱ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ሽንት ቤት መጨረሻ ነው።

ሳኒታይዘር ካለ ውሃና ሳሙና ይቅር?

እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለው ለአብዛኛው ሥራ አልኮል ይበልጣል፤ ፈጣን ነው፤ ውሃ በጠፋ ቀንም ይሠራል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት አለበት። ለኖሮ ቫይረስ ግን አልኮል ደካማ ነው። ተቅማጥና ትውከት ያለበትን ሰው ከነካችሁ በሳሙናና በውሃ፣ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ።

አስታማሚ ባይገባ አይሻልም?

ይህን የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። አስታማሚዋ ናት የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ፖፖ የምታቀርበው፣ ሌሊት ሲያቃስት ተረኛዋን ሲስተር የምትጠራው። ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከሻሸመኔ ከሕመምተኛው ጋር መጥታ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፋ የምታድር ሰው ናት። እሷን አስወጥተን ሥራዋን የሚሸፍን ሰው የለንም። ስለዚህ እንደ ሠራተኛ ማየትና ማሠልጠን ነው ያለብን።

ምግብ የሚበላው በእጅ ነው፤ እንጀራውም ቆጮውም። ሕመምተኛ ደግሞ በጉርሻ ይበላል። ፖፖ ያነሳው እጅና የሚያጎርሰው እጅ አንድ ነው። ስለዚህ ለአስታማሚ የምነግረው ጥቂት ነገር ነው፤ ብዙ ብነግራት አንዱንም አትይዝልኝም። ከማጉረስሽ በፊት ታጠቢ። ፖፖ ካነሳሽ በኋላ ታጠቢ። የሌላ ሰው አልጋ ላይ አትቀመጪ። ምሳ ዕቃውን አልጋ ላይ አታስቀምጪ። በሲዳምኛ ለሚሰማው በሲዳምኛ መንገር ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ምንም አይጠቅምም። ውሃና ሳሙናውን ደግሞ እኛ ማቅረብ አለብን። ታጠቢ ብሎ ባዶ ቧንቧ ማሳየት አይቻልም።

በኮቪድ ጊዜ ሁሉንም ዕቃ ስናጥብ ከረምን፤ ኋላ ግን ዋናው አየር ነው ተባለ። ታዲያ ዕቃ ማጽዳቱ ከንቱ ነበር?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ለኮቪድ አየሩ ይበልጣል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ባወጣው ግምገማ፣ የተበከለ ዕቃ አንዴ በመንካት የመያዝ ዕድል ባጠቃላይ ከ10,000 አንድ በታች ነው ብሏል። ያ ግን የሚመለከተው በተለመደው የማኅበረሰብ ኑሮ ያለውን ሁኔታ ነው። ሆስፒታል ሌላ ነው። ሕመምተኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ፈሳሽ ይበዛል፣ ንክኪው በቀን እጅግ ብዙ ነው፣ የተኛው ሰው አቅምም የደከመ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ በሽታውን ለዩና ጉልበታችሁን እዚያ አውሉ። ለኮቪድና ለኩፍኝ መስኮት ክፈቱ፣ ማስክ አድርጉ፤ ለኖሮና ለሮታ እጅና ዕቃ ላይ በርቱ። ሐዋሳ አየሯ ሞቃት ነው፤ መስኮት መክፈት ምንም አያስወጣም።

ማርበርግ ሲመጣስ? ዕቃው ያስፈራል?

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲረጋገጥ ይህ ጥያቄ በየዋርዱ ነበር። ማርበርግ የሚተላለፈው ከታመመ ወይም በበሽታው ከሞተ ሰው ደምና ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው፤ በዚያ ፈሳሽ በተነከረ አንሶላና ልብስም ጭምር። ስለዚህ ዕቃው ያስፈራል፤ ፈሳሽ የነካው ዕቃ። ጥሩው ነገር፣ ቫይረሱ የቅባት ሽፋን ስላለው በ0.5 በመቶ በረኪና በደንብ ይሞታል። የተነከረ አንሶላ አይራገፍም፤ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይገባል። ሙሉ መከላከያ ልብስ ያላደረገ ሰው አይነካውም።

አራት ቁጥር አልጋ ያለው ቫይረስ ወደ ዘጠኝ ቁጥር እንደሄደ በምን ይረጋገጣል? ሁለቱም ከቤት ይዘውት መጥተው ቢሆንስ?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎች ዘለው ያልፉታል። መጀመሪያ ቀን ይቆጠራል። ሮታ ከተያዙ በኋላ ለመታየት 2 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ኖሮ ከ12 እስከ 48 ሰዓት። ልጁ በገባ በመጀመሪያው ሌሊት ተቅማጥ ከጀመረው ከቤት ይዞት መጥቷል ማለት ይቀናል። በአምስተኛው ቀን ከጀመረው ግን ዋርዳችን ውስጥ ነው የያዘው።

በእርግጠኝነት ለመናገር የሁለቱን ቫይረሶች ሙሉ ዘር አንብቦ ማስተያየት ያስፈልጋል። ቫይረስ ሲባዛ ዘሩ ላይ ትንንሽ ለውጦች ይፈጠራሉ። የሁለቱ ዘር አንድ ዓይነት ከሆነ ወይም እምብዛም ካልተለያየ ዝምድናቸው ቅርብ ነው። አገራችን ውስጥ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የቫይረስ ዘር ይነበባል። ያም ሆኖ የዘሩ መመሳሰል መንገዱን አይነግርም። አንድ ነርስ የነካችው ብረት ይሁን፣ አንድ መጫወቻ ይሁን፣ ሁለቱን የጎበኘ ዘመድ ይሁን አይለይም። ዘሩን ከአልጋ ዝርዝርና ከሥራ ተረኞች መዝገብ ጋር አጋጥሞ ማንበብ ግድ ነው።

የቫይረሱ ፈለግ አንድ ሠራተኛ ጋር ቢደርስስ? ማን ይጠየቃል?

አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕፃናት ክፍል ተቅማጥ በረታ። መጀመሪያ የተጠራችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ለሙሉ ዋርድ አንድ ባልዲና ሁለት ጨርቅ ተሰጥቷታል። በረኪናውን የሚለካላት ጣሳ የለም። ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሄድ የምትለውጠው ጨርቅ ከየት ታምጣ? ልጆቹን የነኩት ሐኪሞች፣ የአንዱን መለኪያ ለሌላው ያደረጉት ነርሶች አልተጠሩም። እስካሁን ያበሳጨኛል።

ፈለግ ስንከታተል አንድ ሰው ጋር ደርሶ የሚያበቃበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። መንገዱ ብዙ እጅ የነካው መረብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዘረዘራቸው አምስት የእጅ ንጽሕና ጊዜያት ውስጥ አምስተኛው «የሕመምተኛውን አካባቢ ከነኩ በኋላ» ይላል። ሕመምተኛውን ራሱን ሳይነኩ አልጋውን ብቻ የነኩ ማለት ነው። እኔ ባየሁት ብዙ የሚረሳው ይሄ ነው፤ የሚረሱት ደግሞ ጽዳት ሠራተኞች ብቻ አይደሉም።

ስለዚህ ስም አንጽፍም። የምንጽፈው ዕቃ ነው። የኦክስጅን መለኪያው ከአልጋ ወደ አልጋ ከሄደ፣ በየመካከሉ የሚጠረግበት አልኮልና ጥጥ አብሮት ይሂድ። ሳኒታይዘሩ በሩ ላይ ብቻ ከሆነ የተሰቀለው፣ በየአልጋው እግርጌ ይሁን። ጨርቅ ካነሰ ለሚመለከተው ክፍል በቁጥር ተጽፎ ይጠየቅ፤ ስንት አልጋ፣ በቀን ስንት ጨርቅ። ከዚያ ምልክት የተደረገባቸው ዕቃዎች በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይታያሉ፤ ውጤቱም መጀመሪያ የሚነገረው ለጽዳት ሠራተኞቹ ነው።